ባሕሩን የሚያየው ሕንፃ

ለሆቴሎች ደረጃ መዳቢ መሥሪያ ቤት ክቡር ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ጉዳዩ፦ ስለ ሰጡን ኮከቦች ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ከወንበሩ፣ ወንበሩም ከእርስዎ ጋር ተስማምቶ እንዲከርም፣ ዓይንዎም ከክፉ ነገር ሁሉ እንዲጠበቅ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ፤ የዓይንን ነገር ለብቻ ለምን እንዳነሳሁት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምናገረው እንዲያውቁት ነው እንጂ አፍሬበት አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አናት ሳስተካክል እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ባለሥልጣኖች አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ለምላጬ አምነው ሰጥተውኛል፤ አንዱንም አላደማሁም፤ አንዳንዱን ሳስታውስ ግን ይቆጨኛል። የምናገረውን የምትጽፍልኝ ነርሷ ሁለተኛ ሴት ልጄ ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ትውጣ ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትቆይ ብያለሁ፤ ደብዳቤው የኔ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። የመጀመሪያውን በፖስታ አሽጌ ላክሁ፤ ምላሽ አልመጣም። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ምናልባት ፖስታ መክፈት ከሥራ ድርሻዎ ውስጥ የሌለ ቢሆን ነው ብዬ፣ እንዳላስቸግርዎ ይኸው ያለ ፖስታ መጣሁ። በጋዜጣ ካላዩት በቀድሞው ሱቄ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ፀጉርዎን ሲቆረጡ ማንበብ ይችላሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ኮከቡ።

የባለቤቴ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ልጆቹን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፣ እናታችሁ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ለከርሞ አታቆዩት አላቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው እሷ እንዳትሰማ ነበር፤ የደከመው ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ ስላልሆነ ግን ሁሉንም ሰማች። ቤት እንደገባን ልጆቹ ሳሎን ተሰብስበው ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቋት። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ፣ የታናሽ እህቷን አዲስ ቤት ልትል ነው ብዬ ፊቴን አስቀድሜ አጨማድጄ ስጠብቅ፣ «ማዶ የሌለው ውሃ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። አብረን ባረጀንበት ዘመን ሁሉ ስለ ባሕር ትንፍሽ ብላ አታውቅምና፣ ይህ ደግሞ ከየት መጣ ብላት፣ «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ጉዞው በዚያው ተወሰነ። አውቶቡስ ነጂው የበኩር ልጄ ፈቃድ ወሰደ። የትልቋ ልጄ ባል፣ ካሜራ ከገዛ ወዲህ ነገርን በባዶ ዓይኑ ማየት የተወው አማቼ፣ ባሕር ድረስ ከሄድን አይቀር በዝናባማው ጫካ በኩል እንለፍ፣ እማማም ለምለም ነገር ትይ ብሎ አግባባን። የቀረው ሆቴል መምረጥ ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ፣ ይህችው ጸሐፊዬ፣ ስልኳን ይዛ ቀደም ሲል ያደሩ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ታነብልን ጀመር፤ አንዱ መስኮቱ ስለሚያሳየው ነገር ያማርራል፤ አንዷ ስለ ጦጣ ታለቅሳለች። እኔም የቤቱ አባወራ እንደመሆኔ አስቆምኳት። መንግሥት ሰው ልኮና አስመርምሮ በሩ ላይ የነሐስ ኮከብ የሰቀለለትን ቤት፣ ሆዱን ቆርጦት ያደረ መንገደኛ በጻፈው ሐሜት አልለውጥም አልኩ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። እኔ በስልክ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ አንዲት ቃል አላነብም፤ ማስታወቂያም፣ የመድኃኒት ወረቀትም፣ የአውቶቡስ ታፔላም ሰው ነው የሚያነብልኝ። ኮከብ ግን ማንበብ እችላለሁ። ያን ዕለት ስልኩን ከልጄ እጅ ተቀብዬ፣ ኮከቦቹን በጣቴ እየነካሁ ቆጥሬ፣ ማንም ሳያነብልኝ ለቤተሰቤ የጫካውንም የባሕሩንም ሆቴል መረጥኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አልክድም። ስለዚህ ምስጋናዬ ድርብ ነው፤ የተማረ ሰው የሚያነበውን ውሸት ማንም ይጽፋል፤ ያልተማረ ሰው እንኳ የሚያነበውን ውሸት መጻፍ ግን ትልቅ መሥሪያ ቤት ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጫካው ሆቴል።

ስለ ዝናቡ ቅሬታ የለኝም። አማቼ ካሜራው ረጠበ ብሎ ሲያጉረመርም፣ ዝናባማ ጫካ ተብሎ ተጽፎ ዝናብ ባይመጣ ነበር የምንከሰው ብዬ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ባለቤቴም ጫካውን ወደደችው፤ እንደ ጃንጥላ የሚሰፋውን ቅጠል በሁለት እጇ እየዳበሰች፣ ከውስጥ የሚመጣውን የወፍ ጩኸት ይህ ማነው ያኛውስ ማነው እያለች ትጠይቅ ነበር። ሆቴሉ ያን ሁሉ ኮከብ ያገኘው በምን እንደሆነ ግን ለማወቅ ጓጓሁ። ልጄ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስታነብልኝ፣ አንዱ ኮከብ ክፍሉ ካውያ ስላለው ነው፤ አንዱ የፀጉር ማድረቂያ ስላለው ነው፤ ሌላው ውድ ዕቃ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን ስላለው ነው። መስኮቱ መዝጊያ እንዳለው የጠየቀ ሰው የለም። መዝጊያ የለውም። ልብስ በማይደርቅበት አገር የፀጉር ማድረቂያው ለካልሲ ዋለ፤ ካውያው እንፋሎት ከመጨመር በቀር የሠራው የለም፤ ከብረቱ ሣጥን ውስጥም ራሳችንን ቆልፈን ብናድር ይሻለን ነበር።

ምክንያቱም ጠዋት በረንዳው ላይ ቁርስ ስንበላ፣ ባለቤቴ ጉም የሸፈነውን መነጽሯን ልትወለውል አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጠችበት ቅጽበት፣ ጦጣ ወረደና ይዞት ዛፍ ላይ ወጣ። ባሕር ልታይ የመጣች ሴት መነጽር ጦጣ አፍንጫ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚሰማ ለእርስዎ መንገር አልችልም። አስተናጋጁ ምንም አልደነገጠም፤ ጦጣውን እንደ ድሮ ደንበኛ ነው የሚያውቀው። ሙዝ አምጥቶ አሳየው። ጦጣው አየና ፊቱን አዞረ። አስተናጋጁ ወደ እኛ ዞሮ በይቅርታ ዓይነት፣ በአንድ አይስማማም አለንና ሌላ ሙዝ ጨመረ። ያን ጊዜ መነጽሩ ወረደ። አንዱ እግሩ ተጣሞ ነበር፤ በጣቶቼ አቃናሁት። ያኛው ባለሥልጣን ጥያቄውን ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መልስ ሰጥቶናል፤ በአንጻሩ ሁለት ደብዳቤዬ ያለ ሙዝ በመላኩ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዳክዬው።

የባሕሩ ሆቴል ስንደርስ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራ ዳክዬ ተቀምጦ ጠበቀን። ለዳክዬም ኮከብ እንደሚጨመር ሰማሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፎጣ ሳጥፍ የኖርኩት አራት ማዕዘን አድርጌ ነው፤ ስንት ኮከብ እንዳመለጠኝ እግዜር ይቁጠረው። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ሐዘን ነው።

አራተኛ፤ ስለ መስኮቱ።

ይህኛው ሆቴል ኮከቡ ሙሉ ነው፤ በሩ ላይ ካለው ነሐስ በጣቴ ቆጥሬ ገብቻለሁ። ክፍላችንም «ባሕር የሚታይበት» ተብሎ በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም የተመሰከረለት ነው። ሻንጣው ሳይፈታ የበኩር ልጄ እናቱን በክንዷ ይዞ ወደ መስኮቱ አቀረባትና መጋረጃውን ገለጠው። ከፊት ለፊት፣ እጅ ቢዘረጉ ሊነኩት ምንም በማይቀረው ርቀት፣ የጎረቤቱ ሆቴል የጀርባ ግድግዳ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ልጄ መጋረጃውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እሷ ግን መነጽሯን አስተካክላ፣ ሁለት እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፋ አየች። ባሕሩ ከግድግዳው ወዲያ ስላለ ድምፁ ይሰማል። «ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ሲንቀሳቀስ ግን አላይም። እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲጮህበት የማይበረግገው የበኩር ልጄ፣ «ዛሬ ነፋስ የለም፣ እማዬ» አለ። አማቼ ካሜራውን ቁልቁል አወረደ። ትልቋ ልጄ ፊቷን ወደ ሻንጣው አዙራ ያልተፈታውን ትፈታ ጀመር። ባለቤቴም «ያምራል» አለች፤ ሰው የማይሆነውን ስጦታ ሲቀበል እንደሚለው፣ እኛን ላለማስከፋት። ይህች ሴት፣ ክቡር ሆይ፣ የጎረቤት ግድግዳ ባሕር ነው ብላ ይዛ ወደ ጨለማ ልትገባ ነበር። ልጆቼ ለፍቅር ብለው ሊፈቅዱላት ነበር። እኔ ደግሞ ደንበኛዬ አናቱ መሃል መላጣ ሲጀምረው እዚያው ወንበሩ ላይ የምነግር ሰው ነኝ።

«ግድግዳ ነው» አልኳት።

ልጆቹ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀችና፣ «ተመስገን፤ ይኸው ብቻ ከሆነስ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች።

አምስተኛ፤ ስለ ሕንፃው ዓይን።

ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ሰድቤያት እንኳ ውሃ አቀረበችልኝ። ነገሩን ደጋግማ ስታስረዳኝ ደንቡ እንዲህ ሆነ፤ የመሥሪያ ቤትዎ መርማሪ ሲመጣ ክፍል ሳያይ ቀጥታ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ከጣሪያው ላይ ባሕሩን ያያል፤ ይወርዳል፤ ሕንፃው ባሕር ያያል ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በሕንፃው ውስጥ ያለ ክፍል ሁሉ ባሕር የሚታይበት ይባላል፤ ማብሰያው ቤትም፣ የሻንጣ ማስቀመጫውም፣ እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥበት መስኮት የሌለው ጥግም። «አባት፣ እርስዎ ባያዩትም ሕንፃው ያየዋል» አለችኝ። እየቀለደችብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አልቀለደችም፤ እንደዚያ እንድትል ተነግሯት ነው። ሕንፃው ዓይኑ ይህን ያህል ከበረታ ለባለቤቴ ለጥቂት ቀን ያውሳት ብዬ ወጣሁ።

ታዲያ ሰው ለምን በእግሩ ወርዶ ባሕሩን አያይም ይሉኝ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ዳርቻው የዚያ የባለ ሰማያዊው ግድግዳ ሆቴል ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የየትኛው ሆቴል እንግዳ መሆናችን እንዲታወቅ እጃችን ላይ የታሰረልንን ማሰሪያ አየ፤ የእኛ አረንጓዴ ነው፤ የሚያስገባው ቢጫ ነው። ያ ሆቴል የግል የባሕር ዳርቻ ስላለው ከእርስዎ ተጨማሪ ኮከብ ተቀብሏል፤ ማለትም እኛን በመከልከሉ ተሸልሟል። ለሁሉ ሰው ክፍት የሆነው ዳርቻ ከቋጥኙ ወዲያ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ማየት ለማትችል ሴት አይሆንም፤ ሞክረን ግማሽ ሳንደርስ ተመለስን። የበኩሩ አዝዬ ላውርዳት ብሎ ተነሣ፤ እሷ ደግሞ በጀርባ ታዝዬ ባሕር የማይ ዕቃ ነኝ ወይ ብላ ተቆጣች።

ስድስተኛ፣ ወይም ልጄ እንደምትለው ቁጥር የማይገባው፤ ስለ አጣቢዋ።

ከቁልቁለቱ ተመልሰን ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም ተኳርፈን ተቀምጠናል። እኔ ከሁሉም ጋር ተኳርፌያለሁ። ሁለተኛዋ ልጄ የዚያን ዕለት «ብያችሁ ነበር» የሚለውን ቃል ሳትናገረው ፊቷ ላይ ይዛው ውላለች። አንሶላ ልትለውጥ የገባችው ልብስ አጣቢ የሁላችንንም ፊት አየችና ምን ሆናችሁ አለች። ነገርናት። አንሶላውን ክንዷ ላይ እንደጣለች ባለቤቴን፣ «እማማ፣ መሰላል ይሞክራሉ?» አለቻት።

ለካስ እሷ ልብስ የምታሰጣው ጣሪያው ላይ ነው፤ እርስዎ መርማሪ በሚልኩበት ቦታ። አሳንሰሩ እስከ ላይኛው ፎቅ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ የብረት መሰላል አለ፤ መርማሪዎ ይህንን መውጣቱን እመሰክርለታለሁ፤ ለዚያ አንድ ኮከብ ይገባዋል። እኔ ከላይ፣ የበኩሩ ከታች፣ ባለቤቴ ከመሃል ቀበቶዬን ይዛ ወጣን። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አለ፣ የዛገ አንቴና አለ፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ የቀረው በገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነው። አጣቢዋ ባለቤቴን አንሶላዎቹ ፊት አቆመቻትና፣ እኔ ሥራዬን ጨርሼ ከደንበኛ ትከሻ ላይ ጨርቁን እንደምገፈው አድርጋ ሁለቱን ወደ ጎን ሳበቻቸው።

ባለቤቴ አንገቷን ከግራ ጀምራ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ከቀኝም ተመልሳ ወደ ግራ፤ የሆነ ቦታ ላይ ማዶ ይኖር እንደሆነ የምትፈልግ ትመስል ነበር። ነፋሱ ነጠላዋን ሲወስደው እንኳ አልያዘችውም፤ አማቼ ነው ሮጦ የያዘው፤ ፎቶ ማንሳቱን ረስቶ። ከዚያ፣ «እውነትም የለውም» አለች። ቀጥላም ፊቷን ሳታዞር፣ «አንተስ፣ ባሕሩን ነው የምታየው ወይስ እኔን?» አለችኝ። ባሕሩን ነው አልኳት። በዚያ ጉዞ ላይ የዋሸሁት ይህንን ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጣሪያው ለእንግዳ መቆሚያ ተብሎ ደረጃ ስላልተሰጠው እዚያ መቆም ክልክል መሆኑን በትሕትና ነገረን፤ ለአጣቢዋ ደግሞ ያለ ትሕትና። ደንብ ማክበር እናውቃለንና በማግስቱ ሲመጣ ባለቤቴን የአንሶላ ጫፍ ይዛ አገኛት፤ በሌላውም ቀን መቆንጠጫ እያቀበለች። እንግዳ መሆኗ ቀርቶ ሠራተኛ ስለሆነች የሚከለክልበት ደንብ አጣ። እኔም የትራስ ልብስ አስጥቻለሁ። ካየኋቸው የሆቴል ክፍሎች ሁሉ ያ ጣሪያ ይበልጣል፤ ካውያም፣ ዳክዬም የለውም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አቤቱታዬ አጭር ነው። ከዚያ ሆቴል በር ላይ አንዱን ኮከብ ነቅለው ለአጣቢዋ ይስጧት፤ ልብስ መቆንጠጫ ይሁናትም አይሁናትም እሷ ታውቅበታለች። መርማሪዎም ከዛሬ ጀምሮ ሕንፃው ምን እንደሚያይ መጠየቁን ትቶ አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ መጋረጃውን ይግለጥ፤ ያየውን ይጻፍ። ብቻውን ከከበደው አንዲት አሮጊት አስከትሎ ይሂድ።

በእኔ ሙያ ሥራ ሲያልቅ ትንሽ መስታወት ከደንበኛው ማጅራት ኋላ ይዞ ማሳየት ደንብ ነው፤ ሰው ራሱ የማያየውን የራሱን ኋላ እንዲያይ። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጣል አድርጎ ጥሩ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደንግጦ ይህ የኔ አናት አይደለም ይላል። ይህ ደብዳቤ ያ መስታወት ነው። ቀና ብለው ይመልከቱት። ለማሳየቱ አላስከፍልም።

ለወገብዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ማለቱም ከዕድሜዬ እንጂ ከሌላ እንዳልሆነ እያስታወስኩ፣

ኮከብዎን ያነበበው ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ
(በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራ፤ ጣቱም ያው ኮከቡን የቆጠርኩበት ነው)

ግልባጭ፦
ለጫካው ሆቴል ጦጣ፣ በፈጣን ምላሹ አርአያ ስለሆነ
ለልብስ አጣቢዋ፣ ኮከቡ እስኪደርሳት
ለሰማያዊው ግድግዳ፣ ባሕር መባሉን ሳያውቅ እንዳይቀር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ አሁን የሚታያት የመስኮቱ ብርሃንና የእኔ ጥላ ብቻ ነው። አንዳንዴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ስታዞር አያታለሁ፤ ያን ጊዜ የት እንዳለች ስለማውቅ አልጠራትም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን ሳይሆን ለንጽጽር ያህል ነው። እሷ በደከመ ዓይን ግድግዳ አይታ ባሕር መሰላት፤ ግድግዳ ነው ስላት ግን ወዲያው አመነች። መሥሪያ ቤትዎ ያን ሁሉ ጤነኛ ዓይን ይዞ ያንኑ ግድግዳ ባሕር ነው ብሎ ማኅተም አሳርፎበታል፤ ግድግዳ ነው ብለን ስንጽፍልዎም ይህ ሦስተኛችን ነው። የሐኪሟን አድራሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።